ፍልቅልቅና ልኩን ያለፈ

የትርጉም ሥራ ሲቀርብልኝ ከባዱን ቃል አላድንም። «ፎቶሲንተሲስ»ን ማንም ከመዝገበ ቃላት ያወጣዋል። ተርጓሚ የሚፈተነው መንታ በሚመስሉ ቃላት ነው። ለምሳሌ እንግሊዝኛ ሞቅ ያለ ደስታን የሚገልጽባቸው ኢቡልየንትና ኢግዙበራንት አሉ። ሰነፍ ተርጓሚ ሁለቱንም «በጣም ደስተኛ» ብሎ ይገላገላል።

ሁለቱም ከላቲን የመጡ ናቸው። ኢቡልየንት ሥሩ መፍላት ነው፤ ድሮ እሳት ላይ ለሚንተከተክ ፈሳሽም ይባል ነበር። ዛሬ ባብዛኛው ለሰውና ለጠባዩ ነው፦ ከውስጥ እየመነጨ ፊት ላይ የሚነበብ ደስታ። አማርኛ እዚህ ላይ አልነፈገንም፤ «ፍልቅልቅ» የሚል አለን። «ፍልቅልቅ አስተማሪ ነበረች» ብሎ የመለሰ ተርጓሚ ካጋጠመኝ ቀሪውን ገጽ ተማምኜ አነባለሁ።

የኢግዙበራንት ሥር ግን ለምነት ነው፤ ሞልቶ መትረፍረፍ። ስለዚህ በሰው ላይ ብቻ አያርፍም። አጥር ዘሎ ወደ መንገድ ለተንዠረገገ ተክል ይባላል፤ አርክቴክቱ ጋውዲ ባርሴሎና ውስጥ ለሠራቸው ሕንፃዎች ይባላል፤ ሐኪሞችም ቁስል ሲሽር ከልክ በላይ ለሚያድግ ሥጋ ይሉታል። ቁስል ደግሞ ምን ደስታ አለው! ይህን ሁሉ የሚሸከም አንድ የአማርኛ ቃል የለም፤ መፈለጉም ከንቱ ድካም ነው። ጎበዝ ተርጓሚ ስሙን አይቶ ቅጽሉን ይመርጣል፦ ተክሉ የተንዠረገገ፣ ሕንፃው ያሸበረቀ፣ ሥጋው ትርፍ፣ ልጁ ደግሞ ደስታ አላስቀምጥ ያለው።

የምወደው መፈተኛ የአለን ግሪንስፓን ንግግር ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀ መንበር ሳሉ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1996 ዋሽንግተን ላይ ስለ አክሲዮን ዋጋ ሲናገሩ «ኢራሽናል ኢግዙበራንስ» የምትል ሐረግ ጣል አደረጉ፤ የቶኪዮ ገበያ ወዲያው ወረደ። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሮበርት ሺለርም እ.ኤ.አ. በ2000 ለመጽሐፉ ርዕስ አደረጋት። ይህችን «ምክንያት የለሽ ደስታ» ብሎ የተረጎመ ወድቋል። ሰውየውን ያሳሰባቸው የባለሀብቶቹ መደሰት አይደለም፤ ጉጉታቸው ዋጋውን ከልኩ በላይ እንዳይሰቅለው ነው። «ቅጥ ያጣ ጉጉት» የሚል ቢመጣልኝ አሳልፈው ነበር።

የትርጉም መጽሐፍ ከመግዛትዎ በፊት መካከሉ ላይ አንድ ገጽ ይግለጡና «በጣም» የሚለውን ቃል ይቁጠሩ። ከየቅጽሉ ፊት ከተደረደረ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው ይመልሱት።