የፈረስ ጥርስ የቀን መቁጠሪያ አይደለም

ሲድኒ ጋልቬይን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የፈረስን ዕድሜ እስከ 30 ዓመት ድረስ «በትክክል» ከጥርሱ ማወቅ ይቻላል ይለናል፤ ያውም በርዕሱ ላይ። ዋናው ምልክቱ በላይኛው የዳር የፊት ጥርስ ላይ የሚወርድ ቦይ ነው፦ በ10 ዓመት ብቅ ይላል፣ በ20 ጫፍ ይደርሳል፣ በ30 ይጠፋል። ሐሳቡ ያምራል፤ ችግሩ «በትክክል» የምትለዋ ቃል ናት።

ለምን መሰላችሁ? ጥርሱ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይወጣል፣ በማኘክም ይበላል። መኖው ሲለያይ አበላሉም ይለያያል።

ደግሞ የፊቱን ብቻ ስናይ የኋላውን እንረሳለን። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ስለሚሰፋ የጥርሶቹ ጠርዝ ሳይፋቅ ይቀርና ይሾላል፤ ጉንጭና ምላስ ያቆስላል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም በዓመት ቢያንስ አንዴ ይየው፣ የሾለውንም በሞረድ ያስተካክልለት።

እናም ፈረስ ስትገዙ «ስንት ዓመቱ ነው?» ብቻ አትበሉ፤ «በደንብ ያኝካል ወይ?» በሉ።