ስድስት ሰከንድ ድራም

እባካችሁ «አሜን፣ ብራዘር»ን ዛሬውኑ ስሙት! ዘ ዊንስተንስ የተባለው የዋሽንግተን ዲሲ የሶል ባንድ በ1969 እ.ኤ.አ. ያስቀረጸው፣ ሦስት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ሙዚቃ ነው። ዘፋኝ የለውም። የጥቁር አሜሪካውያንን የ«አሜን» መዝሙር ዜማ ይዘው እነ ሳክስፎን ሽምጥ ይጋልባሉ፤ አንድ ደቂቃ ተኩል ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም! ድራመሩ ግሪጎሪ ኮልማን ብቻውን ይቀራል።

አራት ባር (አራት ዙር ምት) ነው የሚመታው፤ ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት ሰከንድ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ እግር ወዲያው ይከተላቸዋል። ሦስተኛው ላይ ስኔር የተባለው ከበሮ ከሚጠበቅበት ቦታ ዘግየት ብሎ ይመጣል። አራተኛው ላይ ደግሞ የመጀመሪያውን ምት ጭራሽ ይተወዋል! በዚያች ባዶ ቦታ ልብ ቀጥ ይላል፤ ወዲያው ምቱ እየተሰባበረ ይመለስና የብረት ሳህኑ ሲምባል ተራው ሳይደርስ ይፈነዳል። አቤት! እንዲህ ያለ ነፃነት በምን ይገኛል? እኔ ደጋግሜ ብሰማው ብሰማው አልጠግብ ብያለሁ።

ሲወጣ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። የሸክላው ፊት «ከለር ሂም ፋዘር» ነበር፤ ስለ አንድ ደግ እንጀራ አባት የሚተርክ፣ የግራሚ ሽልማት ያገኘ ግሩም ዘፈን። «አሜን፣ ብራዘር» የጀርባው መሙያ ሆነ፤ ባንዱም ብዙ ሳይቆይ ተበተነ።

ከዚያ 1980ዎቹ መጡ፤ ድምፅ ቀድቶ የሚቆራርጠው ሳምፕለር በወጣቶች እጅ ገባ። የኮልማን ምት ሌላ መሣሪያ ያልተደረበበት፣ እያንዳንዱ ጠብታ ጥርት ብሎ የሚሰማ ስለሆነ ለመቁረጥ የተፈጠረ ይመስላል። የራፕ ቡድኑ ኤን ደብልዩ ኤ በ1988 «ስትሬይት አውታ ኮምፕተን»ን ሠሩበት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የለንደን ልጆች ደግሞ አፍጥነው፣ በታትነው፣ እንደገና ገጣጥመው ጃንግል የተባለውን የዳንስ ሙዚቃ አወጡ፤ ከጃንግልም ድራም ኤንድ ቤዝ ተወለደ። አንድ ድራመር የመታው ስድስት ሰከንድ የአንድ ሙሉ የሙዚቃ ዓይነት አጥንት ሆኖ ቀረ! በሺዎች በሚቆጠሩ ሥራዎች ውስጥ ገብቷል።

የሚያንገበግበኝ ግን ኮልማን በ2006 ሲያርፍ ከዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም አልደረሰውም ነበር። የባንዱ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰር በ2015 አድናቂዎች ያዋጡለት 24,000 ፓውንድ ደርሶታል፤ ለድራመሩ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ስለዚህ ስሙን እጠራለሁ፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እናገራለሁ፤ ግሪጎሪ ኮልማን!

እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ በ1997 «ሊትል ወንደር» በተባለው ዘፈኑ በዚህ ምት ተጠቅሟል፤ ሂዱና ፈልጉት። ልጆቻችሁም «ፓወርፓፍ ገርልስ» የተባለውን ካርቱን ሲከፍቱ ድምፁን ጨመር አድርጉት፤ ኮልማን እዚያም አለ!