«ጉል ባባ» ከሐኪም ጋራ ሲታይ

ሐረርን ቁልቁል የሚያየው ሐኪም ጋራ የአው ሐኪም መቃብር ያለበት ነው። «አው» በሐረሪ ቋንቋ አባት ማለት ነው። በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስትም እንዲሁ ከኮረብታ ላይ የአንድ ወሊ መቃብር አለ፤ ባለመቃብሩ ጉል ባባ ይባላል። በቱርክኛ «ጉል» ጽጌ ረዳ፣ «ባባ» ደግሞ አባት ነው። ይህ የበክታሺ ደርዊሽ ከኦስማን ሠራዊት ጋር መጥቶ በ1541 እ.ኤ.አ. ቡዳ ላይ እንደ ሞተ ይነገራል። የጀጎልን ግንብ ያሠራው አሚር ኑርም የዚያው ምእት ዓመት ሰው ነው። ስለዚህ በጉል ባባ ስም የተደረሰውን ኦፔሬታ ከሐረር ሆኖ መመርመር ያለ ቦታው አይሆንም።

ዜማው የዬኖ ሁስካ፣ ቃሉ የፈረንጽ ማርቶሽ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታየው በ1905 እ.ኤ.አ. በቡዳፔስት ነው። ጋቦር የተባለ፣ እኛ የቆሎ ተማሪ የምንለውን የሚመስል ዘዋሪ ተማሪ የጉል ባባን ልጅ ሌይላን ይወዳል። ከወሊውም አትክልት ጽጌ ረዳ ይቀጥፍላታል፤ በዚህም ምክንያት ሞት ይፈረድበታል።

«ለአንዲት አበባ ሞት! ይህ የልጅ ጨዋታ ነው» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ከአዋች ደጅ የቆመውን ዛፍ ቅርንጫፍ በዘፈቀደ መስበር ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ የሐረር ተመልካች ይህን አይልም። አትክልቱ የተከበረ ካልሆነ የጋቦር ድፍረትም፣ የሽማግሌው ጭንቀትም ትርጉም የላቸውም፤ የሚቀረው ዘፈኑ ብቻ ነው። ዘፈኑ ያማረ መሆኑን አልክድም።

የማርቶሽ ብልኅነት የሚታየኝ ሥልጣንንና ቅድስናን በመለየቱ ነው። የሚያስፈራው ፓሻው እንጂ ወሊው አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ በኦስማን የተገዛ ሕዝብ፣ ከገዢዎቹ ጋር ለመጣው ደርዊሽ እንዲህ ያለ ስፍራ በመድረኩ ላይ መስጠቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ሲኒማ ሲሻገር ግን ነገሩ ተለወጠ። ካልማን ናዳሽዲ በ1940 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ፊልም «ጉል ባባ» የሚለውን ስም ጠብቋል። በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው የላስሎ ካልማር ፊልም ግን «ተማሪው ጋቦር» ተባለ። ርእስ መለወጥ የማስታወቂያ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ አልስማማም። ርእስ ለተመልካች በማን ዓይን እንዲያይ ይነግረዋል። በፊተኛው ርእስ ወደ አንድ አባት ግቢ በእንግድነት እንገባለን፤ በኋለኛው ግን አበባ ከሚቀጥፈው ጋር አጥር እንዘላለን።

ይህን ኦፔሬታ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚያስብ ቢኖር ፈተናው ከርእሱ ይጀምራል። «አባ ጽጌ» ቢለው ትርጉሙ ልክ ነው፤ ነገር ግን ሰውዬው መነኩሴ ሆኖ ያርፋል። «አው» ቢለው ሐረሪ ያደርገዋል። እኔ ብሆን «ጉል ባባ» እንዳለ ትቼ፣ መድረኩ ላይ ሌይላ «ባባ» ብላ ስትጠራው ትርጉሙን ተመልካቹ ራሱ እንዲሰማው አደርግ ነበር።