የቅቤ ሳምንት ለጾመኛ

ሩሲያ ለሥራ ለመጣ የውጭ ሰው፣ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ሰው «ማስሌኒፃ ምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለግክ ይህን እይ» ብሎ የኒኪታ ሚካልኮቭን ፊልም መላኩ አይቀርም። ለእኔ ሦስት ሰዎች ልከውልኛል። በ1998 የተሠራው «የሳይቤሪያው ፀጉር አስተካካይ» ነው። (ፀጉር አስተካካዩ ሰው አይደለም፤ ደን የሚመነጥር ማሽን ነው።) ጄን የምትባል አሜሪካዊት በ1885 ሞስኮ ትገባለች፤ አንድ ጄኔራልም ማስሌኒፃን ሊያሳያት ይዟት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ዓይን የሚሞላ ነው፦ ትርምሱ፣ ቮድካው፣ በረዶ ላይ በቡድን ተከፍሎ ቡጢ የሚሰናዘረው ጎረምሳ፣ እዚያው ደግሞ ይቅርታ የሚጠያየቀው ሰው።

ሩሲያውያን ለእንዲህ ያለው ነገር «ክልዩክቫ» የሚል ስድብ አላቸው። ክልዩክቫ ረግረጋማ መሬት ላይ የሚሳብ ተክል ነው፤ ቀይ ፍሬ አለው፣ ቁመቱ ግን ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። «የተንሰራፋ ክልዩክቫ» ሲሉ፣ አገሩን የማያውቅ ሰው የፈጠረው ወሬ ማለታቸው ነው። «በጤፍ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍኩ» ብሎ እንደሚጽፍ ፈረንጅ በሉት። የዚህ ፊልም ጉድ፣ ዛፉን የተከለው ራሱ የአገሩ ልጅ መሆኑ ነው። አብዛኛው ንግግር በእንግሊዝኛ ነው፤ ሚካልኮቭም ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር ሦስተኛን ሆኖ ፈረስ ላይ ብቅ ይላል። እንግዳው ምን ማየት እንደሚፈልግ ቀድሞ ገምቶ፣ ግምቱን አስጊጦ አቀረበለት።

ይህን ብዙ ሰው ብሎታል። የእኔ ጠብ ከጄን ጋር ነው። ጄን ዓይን ብቻ ናት። ሆድ የላትም፤ ከቤቷ ይዛው የመጣች በዓልም የለም። የውጭ ሰው ማለት ባዶ ፍላሽ ዲስክ ይመስል፣ የተሰጣትን ሁሉ ገልብጣ ትመለሳለች። በዚህ ከተማ ሴንት ፒተርስበርግ ኮድ እየጻፍኩ ማስሌኒፃ ሲደርስብኝ ግን፣ እኔ ባዶ አልነበርኩም። ጾም ላይ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማስሌኒፃ የሚለው ስም «ማስሎ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ቅቤ፣ ዘይት እንደማለት። ከዓቢይ ጾም በፊት ያለው የመጨረሻ ሳምንት ነው። ሥጋ ከባለፈው እሑድ ጀምሮ ተትቷል፤ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ አይብ ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ብሊን ይጠበሳል፤ ብሊን ስስና ክብ ቂጣ ነው፤ በቅቤ፣ በስሜታና፣ በማር፣ በዓሣ ዕንቁላል ይበላል። ለየቀኑ ስም አለው። ረቡዕ አማት ለልጇ ባል ብሊን ታበላለች፤ ዓርብ ደግሞ ተራው የእሱ ነው። እሑድ ከገለባ የተሠራች፣ ቀሚስ የለበሰች አሻንጉሊት ትቃጠላለች፤ ክረምቱ ተሸኘ ማለት ነው። ያው እሑድ «የይቅርታ እሑድ» ይባላል።

የእኛን ቅበላ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ባዕድ አይደለም። ልዩነቱ አወራረዱ ላይ ነው። እነሱ መጀመሪያ ሥጋን፣ ከሳምንት በኋላ ወተትን ይተዋሉ፤ ሲስተሙን ደረጃ በደረጃ እንደሚያጠፋ ጠንቃቃ መሐንዲስ። እኛ እሑድ ማታ ሁሉንም በአንዴ ከሶኬት እንነቅላለን።

ደግሞ አንድ ሳምንት እንቀድማለን። ፋሲካችን አንድ ቀን ይውላል፤ ጾሙ ግን የእነሱ 48፣ የእኛ 55 ቀን ነው። በ2017 ዓ.ም. ሁለታችንም ሚያዝያ 12 ፈታን፤ እኔ የካቲት 17 ጾም ስይዝ ግን እነሱ በዚያችው ሰኞ ምጣዱን ጣዱ። እነሱ የጀመሩት የካቲት 24 ነው። ፕሮግራመሮች ይህን ችግር በደንብ እናውቀዋለን፤ ሁለት ዝርዝሮች መጨረሻቸው ይገጥማል፣ መጀመሪያቸው ግን በአንድ ይሳሳታል። የሚገርመው፣ ያቺ ትርፍ ሳምንት በእኛ ዘንድ ጾመ ሕርቃል መባሏ ነው። ሕርቃል በ7ኛው ክፍለ ዘመን መስቀሉን ከፋርስ ያስመለሰው የቢዛንታይን ንጉሥ ነው። ሩሲያ እምነቷን የተቀበለችው ከቢዛንታይን፤ የንጉሡን ሳምንት የሚጾመው ግን ከጎንደር የመጣ ልጅ!

ቅዱስ ሆኜ አይደለም የምጾመው። እናቴ ስልክ ደውላ «ያዝክ?» ስለምትለኝ ነው። ግን ያዝኩ ካልኩ ያዝኩ ነው።

አከራዬ ሰባዎቹን የተሻገሩ ሴት ናቸው። ማክሰኞ ማታ በሩን አንኳኩተው፣ ጭሱ ገና ያልበረደ አንድ ሳህን ብሊን ይዘው ገቡ። ላዩ ላይ ቅቤው እየቀለጠ ነው።
«ብላ ልጄ፣ ሳይቀዘቅዝ።»
«እማማ፣ ጾም ነኝ።»
«ጾሙ እኮ ሰኞ ነው የሚገባው!»
«የእኛ ገብቷል።»
በጥርጣሬ አዩኝ። ሳህናቸውን ይዘው ወጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ሳህን ይዘው ተመለሱ፤ በውኃና በሱፍ ዘይት የተጋገረ፣ ወተትም እንቁላልም የሌለበት፣ ዳሩ የተቀዳደደ ብሊን። «የመጀመሪያው ብሊን ሁልጊዜ ይጓጉላል» የሚል ተረት አላቸው፤ ለመጀመሪያ የሶፍትዌር ቨርዥንም ይሠራል። የእሳቸው አምስቱም ጓጉለው ነበር። በላሁ። ሚካልኮቭ ይህን ቢቀርጸው ኖሮ ፊልሙን ለአራተኛ ሰው እኔ እልከው ነበር፤ ምክንያቱም እዚህ ውስጥ እንግዳው ዝም ብሎ አያይም። በዓሉ እሱን ለማስገባት ሲል ትንሽ ይቸገራል።

ከፊልሙ ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ሆኖ ያገኘሁት አንድ ሥዕል ነው። ቦሪስ ኩስቶዲየቭ በ1916 የሣለው «ማስሌኒፃ» እዚሁ ሩሲያ ሙዚየም አለ። መጀመሪያ ስታዩት የቸኮሌት ካርቶን ሊመስላችሁ ይችላል፤ እኔም አልፈርድባችሁም። የበረዶ ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች ይሮጣሉ፣ ዛፎቹ በውርጭ አብረቅርቀዋል፣ ሰማዩ ሮዝም ቢጫም አረንጓዴም ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላቶች አሉ። ደስታው ከልክ ያለፈ ነው። ግን ከየት ሆኖ እንደሚያይ ልብ በሉ። ከላይ ነው። ሰዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ማንም ቀና ብሎ አያየንም፣ ለእኛም ብሎ የሚደንስ የለም።

ኩስቶዲየቭ የአከርካሪ ዕጢ ነበረበት። በዚያው በ1916 ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ እስከሞተበት እስከ 1927 ድረስ ከተሽከርካሪ ወንበር አልተነሣም። ይህን ካወቅኩ በኋላ ያ ሁሉ ቀለም ሌላ ሆነብኝ። በዓሉን የሣለው መውጣት የማይችል ሰው ነው። የሚያስታውሰውን ነው የሣለው፤ የሚያስታውስ ሰው ደግሞ ያበዛል። እናንተም በስደት ሆናችሁ ስለ ቤታችሁ ፋሲካ ለባዕድ ስታወሩ ዶሮ ወጡን እንዴት እንደምታቀሉት ታውቁታላችሁ። የሚካልኮቭ ማጋነን እንግዳን ለማስደነቅ ነው፤ የኩስቶዲየቭ ማጋነን ናፍቆት ነው። ሁለቱም ክልዩክቫ ናቸው ካላችሁ አልከራከርም። እኔ ግን ከሁለተኛው ጥላ ሥር ቁጭ እላለሁ።

(ፑሽኪንን ለምን ዘለልክ የሚለኝ አይጠፋም። እዚህ አገር ኢትዮጵያዊ ነኝ ማለት ስለ ፑሽኪን ቅድመ አያት የሃያ ደቂቃ ንግግር መስማት ማለት ነው። «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» ውስጥ የላሪን ቤተሰብ በማስሌኒፃ ብሊን አያጣም፤ በቃ፣ ጠቀስኩት።)

ሥዕሉ የተሣለው ጦርነት መሀል ነው፤ ሥዕሉ ውስጥ ግን ጦርነቱ የለም። ይህ ያስከፋኛል ወይ ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። በ2022 የይቅርታ እሑድ የዋለው ማርች 6፣ በዩክሬን ጦርነቱ ከተጀመረ በ11ኛው ቀን ነበር፤ ፓትርያርክ ኪሪል በዚያች ዕለት በሰጡት ስብከት ጦርነቱን የሚደግፍ ትርጉም ሰጡት። ጣት መቀሰሬ አይደለም። እኛም በዚያው ዓመት ጾሙን የያዝነው እርስ በርሳችን እየተዋጋን ነው። የኩስቶዲየቭ ዝምታ ከበሽተኛ ክፍል የወጣ ስለሆነ ይቅር እለዋለሁ። የፊልሙ ይቅርታ ግን አይዋጥልኝም። እዚያ ሁሉም ማን እንደመታው ያውቃል፤ ቡጢው ገና አፍንጫው ላይ ነው፤ ይቅር ለማለት ቀላል ነው። የሚከብደው የበደላችሁት ሰው እዚያ ሳይኖር ነው።

ለዚህም ነው የቢሮ ቡድናችን ቴሌግራም ላይ በይቅርታ እሑድ የሚንጋጋው ነገር የማይሞቀኝ። ብሊን የያዘች ድመት ያለበት ስቲከር፣ «ሁላችሁም ይቅር በሉኝ» የሚል ጽሑፍ፣ ሠላሳ ልብ። የአንድ ዓመት ኮዴን ስሜን ሳይጠራ ሲያጣጥል የኖረ አንድ ባልደረባም ያንኑ ስቲከር ለጥፏል።

አከራዬ ግን በዚያ ምሽት ራሳቸው መጡ። ሳህን አልያዙም። ስሜን እስከ አባቴ ጠርተው «ይቅር በለኝ» አሉና ጎንበስ አሉ። ምን አድርገውኝ እንደሆነ አላውቅም። ሲባል የሰማሁትን፣ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ» የሚለውን መለስኩ፤ ከዚያ እኔም እንደ አገሬ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ ስለ ኪራዩ መዘግየት ሊሆን ይችላል ብለው ሳቁ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ወጥ ቤቱ አካባቢ ሁለት ባልደረቦቼ ጥቁር ቡና ይዘው ተክዘዋል። «ያለ ወተት የመጀመሪያ ቀናችን ነው» አሉኝ። «አንተስ?»
«ስምንተኛ።»