ቀጭኗ መሬት

ካርታ ላይ ሁለት ጥብቅ ቦታዎችን በአረንጓዴ መስመር ማገናኘት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሙያውን ስጀምር ባሌ ተራሮች ላይ ለቀይ ቀበሮ መተላለፊያ ብዬ ያሰመርኩት እንዲህ ያለ መስመር ነበር፤ እርሻ የማይደርስበትን የድንጋይ ሸንተረር ተከትዬ። አብረውኝ የወጡ አንድ ሽማግሌ እረኛ ቦታውን አይተው «ልጄ፣ እዚህ እኮ ፍልፈል የለም። ቀበሮው ምን ሊበላ ይመጣል?» አሉኝ። መስመሩን በዚያው ቀን ሰረዝኩት።

ከዚያ ወዲህ ካርታ ሳልነካ በፊት መሬቱን ቁጭ ብዬ አያለሁ። ቀበሮው ሆዱ ሣሩን እስኪነካ ዝቅ ይላል፤ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጆሮው ወደ ጉድጓዱ ነው። ፍልፈሉ ሣር ሊቀነጥብ ብቅ የሚለው ለአፍታ ብቻ ነው። ፍልፈል ለመቆፈር ለስላሳና ጥልቅ አፈር ይፈልጋል፤ ገብስ የሚዘራው ገበሬም ዓይኑን የሚጥለው እዚያው አፈር ላይ ነው። ስለዚህ መተላለፊያው ሰው ባለበት ማለፉ አይቀርም።

በዓለም የቀሩት ለመራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ጎጃም ጮቄ ተራራ ላይም ነበሩ፤ ጠፍተዋል። ዙሪያውን እርሻ በከበበው ተራራ የሞተውን የሚተካ ከሌላ ቦታ አይመጣም።

የተገናኘ መሬት በሽታም ያሻግራል። በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ባሌው ዌብ ሸለቆ ቀበሮዎች ተዛምቶ ብዙዎቹን ፈጀ። ባለሙያዎቹ ሁሉንም ቀበሮ እንከትብ አላሉም። ሸለቆውን ከሌላው የቀበሮ መኖሪያ ከሞረባዋ በምታገናኘው ቀጭን መሬት አካባቢ ያሉትን እያጠመዱ ከተቡ፤ ወረርሽኙም ተገታ። ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ተለያይተው ቢቀሩስ?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። በፍጹም አልስማማም። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አለ፤ ተነጥለው የቀሩ ጥቂት ቀበሮዎችን እርስ በርስ እየተዋለዱ ከመዳከም የሚያድን መርፌ ግን የለም።

አሁን መተላለፊያ ስነድፍ ከመስመሩ ጎን በየመንደሩ ስንት ውሻ እንዳለና ስንቱ እንደተከተበ እጽፋለሁ። የሽማግሌው ሦስት ውሾችም እዚያ ሰፍረዋል። ሁለቱ ተከትበዋል፤ ሦስተኛው ከከብቶቹ ጋር ርቆ ስለነበር ነገ ተመልሼ እወጣለሁ።