የጣት ኦክሲሜትርና የማጉያው ነገር፤ ከደቡብ ኦሞ አንጻር የቀረበ ትችት

ደም ሳይቀዳ፥ ጣትን ቆንጥጦ በሚይዝ ትንሽ መሣሪያ ብቻ፥ በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ስለ መለካት ሲነገር አንድ አስተያየት ደጋግሞ ይሰማል። ይኸውም፥ «የታካሚው ቆዳ ጠቆር ያለ እንደሆነ የሚያልፈው ብርሃን ይደክማል፤ እንግዲያው ማጉያውን ከፍ ማድረግ ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉት መሣሪያውን የሚሸጡት ብቻ አይደሉም፤ ለመመረቂያ ሥራ ትንንሽ ኦክሲሜትር የምንገጣጥም ተማሪዎችም ይህንኑ እንጽፋለን። አስተያየቱ ግማሽ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ጂንካ ወይም ከጂንካ በታች በኦሞ ቆላ ያለ ሕመምተኛ የሚጎዳበት በመሆኑ ሊመረመር ይገባዋል።

የመሣሪያውን ሐሳብ ያፈለቀው ጃፓናዊው ኢንጂኔር ታኩዎ አኦያጊ ሲሆን፥ በኒሆን ኮህደን ኩባንያ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1974 አቀረበው። ሁለት ብርሃን፥ አንደኛው 660 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ፥ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ 940 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ኢንፍራሬድ፥ በጣት ውስጥ ያልፋሉ። ከማዶ ያለው ተቀባይ ከሚያገኘው ብርሃን አብዛኛው ሳይለዋወጥ የሚኖር ነው፤ ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ነው። መሣሪያው ይህን የሚመታውን ክፍል ለቋሚው ክፍል ያካፍላል፤ ቀጥሎም የቀዩን ውጤት ለኢንፍራሬዱ ውጤት አካፍሎ መጻሕፍት «አር» የሚሉትን ቁጥር ያገኛል። አር 1 ሲሆን ኦክሲጅኑ ከመቶ 85 ገደማ ነው፤ አር ሲያንስ ንባቡ ከፍ ይላል። ተማሪ ሁሉ የሚገለብጠው ቀመር «110 ሲቀነስ 25 ጊዜ አር» ነው።

ይህ ማካፈል ትልቅ ብልሃት ነው። ቆዳ ብርሃኑን ቢቀንስ የሚመታውም ቋሚውም አብረው ይቀነሳሉ፤ ማጉያም ሁለቱን አብሮ ያበዛል፤ ድርሻው ግን እንዳለ ይቆያል። ከላይ ግማሽ እውነት ያልነው ይህን ነው። ነገር ግን ሒሳቡ የሚሠራው ተቀባዩ ላይ የደረሰው ብርሃን ሁሉ በጣት ውስጥ አልፎ የመጣ ሲሆን ብቻ ነው። ጤና ሠራተኛ ከጤና ጣቢያው ወጥቶ በዛፍ ጥላ ሥር ሲለካ የፀሐይ ብርሃን በመቆንጠጫው ጎን ሾልኮ ይገባል። እኛ መሣሪያችንን የምንፈትነው ደግሞ በክፍል ውስጥ፥ በጓደኞቻችን ጣት ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንይ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ እንጂ የተለኩ አይደሉም። የሁለት ልጆች ደም ኦክሲጅን እኩል ከመቶ 85 ነው እንበል፤ የኢንፍራሬዱም ድርሻ በሁለቱም ዘንድ ከ100 1 ይሁን። በመጀመሪያው ልጅ የቀዩ ብርሃን ቋሚ ክፍል 200፥ የሚመታው 2 ነው። ከውጭ 10 የሚሆን ብርሃን ቢገባ፥ ይህ ከልብ ጋር ስለማይመታ በቋሚው ላይ ብቻ ይደመራል፤ 2 ለ210 ሲካፈል አር 0.95፥ ንባቡም 86 ይሆናል። በሁለተኛው ልጅ ቆዳው ቀዩን ብርሃን ወደ 30፥ የሚመታውን ወደ 0.3 አውርዶታል። ያው 10 ሲጨመር 0.3 ለ40 ነው፤ አር 0.75፥ ንባቡ 91። አሁን ማጉያውን ዐሥር እጥፍ ከፍ እናድርግ፤ 3 ለ400 ይሆናል፤ አር ያው 0.75፥ ንባቡ ያው 91። በማጉያው ፈንታ መብራቱን ዐሥር እጥፍ ብናደምቅ ግን 3 ለ310 ሆኖ ንባቡ ወደ 86 ይመለሳል።

በ86ና በ91 መካከል 90 አለ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሳንባ ምች የታመመ ልጅ ንባቡ ከ90 በታች ሲሆን ኦክሲጅን እንዲሰጠው ያዝዛል። ስለዚህ ሁለተኛው ልጅ በዚህ ቁጥር ብቻ ቢፈረድበት ያለ ኦክሲጅን ይመለሳል፤ ከኦሞራቴ ወይም ከኒያንጋቶም የመጣ ከሆነም ወደ ጂንካ ሳይላክ ሊቀር ይችላል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ለ2016 እስከ 2020 ያወጣው የኦክሲጅንና የፐልስ ኦክሲሜትር ማስፋፊያ ዕቅድ መሣሪያውን ለማዳረስ ያሰበ መልካም ሥራ ነው፤ ከማዳረስ ቀጥሎ የሚመጣው ግን የዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው።

መብራት ባትሪ ይበላል፤ ማጉላት ግን ዋጋ የሌለው ይመስላል። ሠሪው ወደ ማጉያው የሚያዘነብለው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙዎቹ መሣሪያዎች የልብ ምቱን ሞገድ እስክሪኑን እንዲሞላ አድርገው መሳላቸው ነው፤ ደካማውም ብርቱውም አንድ ይመስላል። አንዳንዶቹ «ፐርፊውዥን ኢንዴክስ» የሚባል የምት ጥንካሬ መለኪያ ያሳያሉ፤ እሱም የሚሰላው ከኢንፍራሬዱ ስለሆነ ስለ ቀዩ መድከም አይናገርም።

እርግጥ ደህና መሣሪያዎች መብራታቸውን ለቅጽበት አጥፍተው የውጭውን ብርሃን ይለኩና ይቀንሱታል። ይህ ግን ነገሩን አልጨረሰውም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በአሜሪካ ሆስፒታሎች ያገኙትን አሳተሙ፤ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 እያለ የደም ሥር ናሙና ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁሮች ዘንድ ከመቶ 11.7፥ በነጮች ዘንድ 3.6 ጊዜ ነበር። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የቀዩ መብራት ባለ አንድ ሞገድ አለመሆኑ ነው፤ ሜላኒን አጫጭሩን ሞገድ አብዝቶ ስለሚይዝ የሚያልፈው ወደ ረጅሙ ያጋደለ ይሆናል፤ አርም ያንሳል። ይህን ማጉያ አያቃናውም። ሊያቃናው የሚችለው ንባቡ የሚወጣበት ሠንጠረዥ ነው፤ ሠንጠረዡ ደግሞ የተሠራው ከጥቂት ሰዎች ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የ2013 መመሪያ የጠየቀው ቢያንስ 10 ጤነኛ ሰዎች፥ ከእነዚህም ቢያንስ 2 ወይም ከመቶ 15 ቆዳቸው የጠቆረ እንዲሆኑ ነበር። በጥር 2025 የወጣው ረቂቅ ቁጥሩን 150 አድርሶታል።

ያም ቢሆን «ጠቆር ያለ» የሚለው ቃል ለደቡብ ኦሞ ሰፊ ነው። በሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፥ የኢትዮጵያን፥ የታንዛኒያንና የቦትስዋናን ሕዝቦች ቆዳ በብርሃን ነጸብራቅ የለካ ጥናት፥ ከፍተኛውን ሜላኒን ያገኘው በናይሎ ሰሃራ ቋንቋ ተናጋሪ የምሥራቅ አፍሪካ አርብቶ አደሮች ዘንድ ነው። ሙርሲና ኒያንጋቶም የዚህ ቋንቋ ቤተ ሰብ ናቸው፤ አሪና ሐመር ግን አይደሉም። ሁሉንም በአንድ ተራ መጻፍ ልኬት አይደለም። በሌላ በኩል ያ ጥናት የለካው የክንድን ውስጠኛ ክፍል ነው፤ የጣት ሆድ በሁላችንም ዘንድ ፈካ ያለ ስለሆነ ከክንድ ተነሥቶ ስለ ጣት መፍረድ ስሕተት ይሆናል። ከዚህም ሌላ በሐመር ሴቶች እጅ ላይ የሚቀረው የፀጉር ቀይ አፈርና ቅቤ አለ፤ እኔ ያየኋቸው የአጠቃቀም ወረቀቶች የጥፍር ቀለም ይጠረግ ይላሉ እንጂ ይህን አያውቁትም።

ስለዚህ የተማሪ ሥራ ሲቀርብ «ማጉያው ራሱን ያስተካክላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ብቻውን መቀበል የለበትም። የተለመደችው ማክስ 30102 እንኳ የመብራቷ ኃይል እስከ 50 ሚሊአምፔር ገደማ በቁጥር ይታዘዛል። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ሰው መብራቱ ስንት እንደ ነበረ፥ መብራቱ ሲጠፋ ተቀባዩ ምን እንዳነበበ፥ የቀዩ ቋሚ ክፍል ስንት እንደ ደረሰ ይጻፍ፤ የጣቱም ቀለም ይለካ። ይህን ለማድረግ የደም ጋዝ መመርመሪያ አያስፈልግም፤ በጂንካ ዩኒቨርሲቲ ጠረጴዛ ላይም፥ በገበያ ቀን በጥላ ሥርም ሊሠራ ይችላል። ከላይ የሰጠሁትን ምሳሌ በእውነተኛ ልኬት የሚያፈርስ ተማሪ ካለ ጽሑፉን በሚቀጥለው እትም ለማንበብ እጓጓለሁ።