ወሰን የለሹ ሲመጣ ደራሲው ምን ያደርጋል?
(ስለ ኳንተም ፊልድ ቴዎሪ መማሪያ መጻሕፍት)

መማሪያ መጽሐፍ ድርሰት አይደለም የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን ሥር ሰዷል። ልብ ወለድ ሲሆን ስለ ቅርጹና ስለ ይዘቱ፣ ስለ ተራኪውም ጭምር እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን፤ መማሪያ መጽሐፍ ሲሆን ግን «ይከብዳል» ወይም «ይቀላል» ብለን እናልፈዋለን። የ4 ኪሎ የፊዚክስ ጓደኞቻችን ለማስተርስ ትምህርት ኳንተም ፊልድ ቴዎሪን በየትኛው መጽሐፍ እንጀምር ብለው ሲከራከሩ የምንሰማው ይህንኑ ነው። አንዱ ፔስኪን ይላል። ሌላው ዋይንበርግ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ሦስተኛው ዚን ብቻ አንብቦ ሁሉም የገባው መስሎት ይንጎራደዳል።

እናንተ የቋንቋ ተማሪዎች ምን አገባችሁ ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። ስሌቱን አንዳኝም፤ የዚያ ዳኞች እናንተው ናችሁ። ነገር ግን ማንኛውም መጽሐፍ የሚያናግረው ሰው አለው፤ የሚያስቀድመውና የሚያስከትለው ነገር አለው፤ አፉን የሚይዝበትም ቦታ አለው። ይኸማ የእኛ ሥራ ነው። ደግሞስ ነገሩ የቅንጦት አይደለም። በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ መጽሐፉን ዘግቶ «እኔ ለቴዎሪ አልተፈጠርኩም» የሚል ተማሪ ስንት ነው? በእኛ እምነት ከእነዚህ ብዙዎቹ ሰነፎች ሆነው ሳይሆን ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ከፍተው ሲያነቡ የቆዩ ናቸው።

ለሂሳችን አንድ ቦታ መርጠናል። ፊልድ ማለት ስፍር ቁጥር የሌለው አውታር ያለው ክራር ነው እንበል። የእኛ ክራር ካልነኩት ዝም ይላል። በኳንተም ዓለም ግን ያልተነካ አውታር እንኳ በመጠኑ ይንቀጠቀጣል፤ ማንም የማይወስድበት ጥቂት ኢነርጂ አለው። አውታሮቹ መጨረሻ የላቸውምና ድምሩም መጨረሻ የለውም። እንግዲህ ተማሪው ገና ከመነሻው ባዶ ቦታ ወሰን የለሽ ኢነርጂ አለው የሚል ውጤት ይደርስበታል ማለት ነው። ጉድ ነው! ታዲያ በዚች ሰዓት ደራሲው ምን ያደርጋል? የደራሲው ጠባይ ከዚህ ይበልጥ የሚገለጥበት ገጽ አላገኘንም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፔስኪንና የሽሮደር መጽሐፍ (1995) የሚጀምረው በግብዣ ነው። ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ተጋጭተው ጥንድ ሙዮን ሲወልዱ ያሳይና ና አብረን እናስላ ይላል። በምዕራፍ 2 ወሰን የለሹ ድምር ብቅ ሲል፣ በሙከራ የሚለካው የኢነርጂ ልዩነት ብቻ ስለሆነ እንተወው ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ጠያቂ ተማሪ እዚህ ላይ ቅር ይለዋል፤ ቅሬታውም ትክክል ነው። ሆኖም ይህን ሽሽት ማለት ተገቢ አይመስለንም። ንባብ ቤት የገባ ልጅ ዳዊት ሲደግም የግዕዙን ትርጉም ማን ነገረው? ምላሱ ይፈታ፣ ዓይኑ ፊደሉን ይልመድ፣ ትርጓሜው በጊዜው ይመጣል ነው ነገሩ። ፔስኪንም እንደዚሁ ነው። በምዕራፍ 6 ተማሪው ሽዊንገር በ1948 ያገኘውን የኤሌክትሮን መግነጢሳዊ ትርፍ፣ ማለትም 0.00116 ገደማ የሆነችውን ቁጥር፣ በገዛ እርሳሱ ያወጣታል። ወሰን የለሹን በወጉ የሚገጥመው ግን በሁለተኛው ክፍል ነው። ጉድለቱ ሌላ ነው። መጽሐፉ ከጎኑ መምህር ያለውን ተማሪ ያስባል። በየመካከሉ ለአንባቢው የሚተዋት አንዲት መስመር ለብቻው ለሚያነብ ሰው አንድ ሙሉ ማታ ትበላለች።

ዋይንበርግ ደግሞ ትርጓሜ ቤት ነው። የመጀመሪያው ቅጽ (እሱም 1995) የሚከፈተው በታሪክ ሲሆን ከታሪኩ አንዱ ክፍል ስለ ወሰን የለሾቹ ችግር ብቻ የተጻፈ ነው። ኦፐንሃይመር በ1930 የአተምን የኢነርጂ ደረጃዎች ሲያሰላ ወሰን የለሽ መልስ አገኘ፤ ከዚያ በኋላ በ1947 የላም ልኬት በሼልተር አይላንድ ጉባኤ ላይ እስኪሰማ ድረስ የዘመኑ አንጋፋዎች ሲደናገሩ ኖሩ። ቴዎሪው ከነአካቴው ይጣል ያሉም ነበሩ። አሥራ ሰባት ዓመት! እኛ ይህን ክፍል ከሁሉ አብልጠን ወደድነው፤ ምክንያቱም ተማሪው ግራ ሲገባው ብቻውን እንዳልሆነ ይነግረዋል። ችግሩ የሚመጣው ከታሪኩ በኋላ ነው። ዋይንበርግ የሚጠይቀው «እንዴት ይሰላል?» ብሎ ሳይሆን «ዓለም ለምን ከዚህ በቀር ሌላ መሆን አቃታት?» ብሎ ነው። ከሲሜትሪ ተነሥቶ ወደ ቅንጣት፣ ከቅንጣት ወደ ግጭት እየተጓዘ ፊልዱን በወጉ የሚገነባው በምዕራፍ 5 ነው። ፊልድ የሚለው ቃል ሽፋኑ ላይ ተጽፎ ባለቤቱ በአምስተኛው ምዕራፍ ይደርሳል። አንድ ጊዜ አስልቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ድንቅ ነው። ላላሰላ ሰው ግን ቅኔ ሳይቆጥሩ ትርጓሜ ቤት እንደ መግባት ነው፤ መምህሩ የሚፈታለትን ቋጠሮ ተማሪው መች አየውና?

አንተኒ ዚ (1ኛ እትም 2003፣ 2ኛ እትም 2010) ጨዋታ አዋቂ ነው። ከመጀመሪያ ገጾቹ በአንዱ ላይ አንድ ነገረኛ ተማሪ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ መምህሩን ያፋጥጣል። በግድግዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ ካለ እንዲህ ነው፤ ሦስት ቢሆንስ? አራትስ? ሌላ ግድግዳ ቢጨመርስ? ቀዳዳው እየበዛ ሄዶ ግድግዳው ራሱ ይጠፋል፤ አንባቢውም ሳያውቀው የጎዳናዎች ድምር የሚባለውን የፋይንማንን ዘዴ ተቀብሎ ይገኛል። እንዲህ ያለ አተራረክ ስንት የልብ ወለድ ደራሲ ይመኘዋል! ወሰን የለሹ ሲመጣም ዚ ተውኔት ይጽፍለታል። ግራ የተጋባ ቴዎሪስትና ብልህ የላቦራቶሪ ሰው ይነጋገራሉ፤ የላቦራቶሪው ሰው መልስህን እኔ በለካሁት መጠን ግለጥልኝ ሲለው ያ አስፈሪ ቁጥር ከመካከላቸው ተኖ ይጠፋል። ግሩም ነው። ነገር ግን አሳስቆ የሚያስተምር መምህር ክፍል ሲለቀቅ ደብተሩ ባዶ እንደሚሆን ሁሉ፣ ዚን ያነበበ ሰው ሐሳቡን ለሰው ሲያወራ ይጥማል እንጂ ፈተና ላይ ሲቀመጥ እጁ አይታዘዝም። ያ ከላይ የጠቀስነው ጓደኛችን እዚህ ላይ ይሰማን።

የሽዋርዝ መጽሐፍ (2014) ከሁሉ በዕድሜ የሚያንስ ነው፤ ጨዋታውም ያን ያህል አይደለም። ሆኖም ያቺን ፈታኝ ገጽ እንደ እሱ ያስተናገደ አላየንም። ስለ ሬኖርማላይዜሽን የሚያስተምረውን ክፍል በካሲሚር ነገር (1948) ይከፍተዋል። በባዶ ቦታ ሁለት የብረት ሳህኖች ትይዩ ቆመዋል። በመካከላቸው ያለው ኢነርጂ ወሰን የለሽ ነው፤ ከውጭ ያለውም ወሰን የለሽ ነው። ሳህኖቹን ጥቂት ብናቀራርብስ ድምሩ ምን ያህል ይለወጣል? ይህ መልስ አለው! ሳህኖቹ ይሳሳባሉ፤ ጉልበቱም በርቀቱ አራተኛ ርቢ ልክ እየቀነሰ ይሄዳል። ወሰን የለሹን በፈለግነው ስልት ብንቆርጠው ውጤቱ አይለወጥም። ፔስኪን የሚለካው ልዩነት ብቻ ነው ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፈውን ሽዋርዝ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶ በቁጥር አሳየ። ተማሪው ከዚያ በኋላ ሬኖርማላይዜሽን ሲባል አፍዝ አደንግዝ የተደረገበት አይመስለውም። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጡ ከተባልን፣ መምህር አጠገቡ ለሌለ አንባቢ ሽዋርዝን እንመርጣለን፤ መልመጃዎቹ በእርሳስ እስከ ተሠሩ ድረስ ነው ታዲያ።

መጽሐፍ ለሚያቀላቅሉ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ አለን። በዚህ ትምህርት ጊዜንና ቦታን በሚያጣምረው ልኬት ላይ ፔስኪን፣ ዚና ሽዋርዝ ለጊዜ የመደመር፣ ለቦታ የመቀነስ ምልክት ይሰጣሉ፤ ዋይንበርግና ስሬድኒኪ ገልብጠው ይጽፉታል። የእኛን ሀ፣ ሐ እና ኀ ያስታውሰናል። የትኛውንም ቢጽፉ ዓለም አይፈርስም፤ ግን በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ንጉሡን «ንጉስ»፣ ሠራዊቱን «ሰራዊት» እያለ እንደሚጽፈው አይደለም፤ መልሱ ራሱ ይገለበጥበታል። ቢያንስ አንድ ረጅም ስሌት በአንዱ መጽሐፍ ሳይፈጸም ሁለተኛው ባይከፈት ይሻላል።

የሲድኒ ኮልማንን ሳናነሣ ብናልፍ በደል ይሆንብናል። በ1975 እና በ76 በሃርቫርድ ያስተማረው ትምህርት በፊልም ተቀርጾ፣ በተማሪ ደብተር ተገልብጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ መጽሐፍ የሆነው እሱ በ2007 ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው። ቃል ወደ ጽሑፍ ሲሻገር ለዛው አለመሟጠጡ የሚገርም ነው። ለእኛ ለቋንቋ ተማሪዎችማ ለብቻው አንድ ጥናት ይወጣዋል።

ዋጋውስ? ለሚለው፦ የስሬድኒኪ መጽሐፍ (2007) ረቂቅ ደራሲው ራሱ በነጻ እንዲነበብ የለቀቀው ነው፤ ዴቪድ ቶንግ በኬምብሪጅ ያስተማረበት ማስታወሻም እንዲሁ። የስሬድኒኪው በ97 አጫጭር ምዕራፎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በየምዕራፉ ራስ ላይ አስቀድሞ መነበብ ያለበት ምዕራፍ በቁጥር ተጽፏል። ጅማሬው በስድስት ልኬት ዓለም ላይ መሆኑ (የእኛው አራት አልበቃ ብሎት!) እንግዳ ቢያስመስለውም፣ ለአምስት ሰው ተካፍሎ ለማባዛትና በየሳምንቱ ተራ ገብቶ ለማስረዳት ከእሱ የሚመች አላገኘንም። የ4 ኪሎዎቹ ቡድን ካቋቋሙ እኛም ከኋላ ወንበር እንቀመጣለን፤ የምንጠይቀው ስለ ዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።